ጥሩነሽ ዲባባ «የዓለም የዓመቱ ምርጥ አትሌት» ተብላ አታውቅም

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ነው። እሁድ ሕዳር 21 ሞናኮ ላይ የዓለም አትሌቲክስ የዓመቱን ምርጥ አትሌቶች ሸልሞ ነበር። በወንድ ስዊድናዊው ዱፕላንቲስ፣ በሴት አሜሪካዊቷ ሲድኒ ማክላፍሊን ሌቭሮን። የስፖርት መምህር ነኝና በዚህ ልጀምር ብዬ «እሁድ ማን ተሸለመ?» ስል ጠየቅኩ። ዝም። አንድ እጅ አልወጣም። እነዚሁ ልጆች እኮ መስከረም ላይ ባሎንዶር ለዴምቤሌ ተሰጠ ተብሎ «ለያማል ነበር የሚገባው!» «ቻምፒየንስ ሊግ የበላው ማነው ታዲያ?» እየተባባሉ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በልተውብኛል። ያማል ስንት ኳስ አብዶ እንዳለፈ ይነግሩሃል። ስለ አትሌቲክሱ ሽልማት ግን መኖሩንም የሰማ የለም።

«ከኛ ሀገር ማን ወስዶ ያውቃል?» አለኝ አንዱ። ቆጠርኩለት። ኃይሌ በ1998፣ ቀነኒሳ በ2004 እና በ2005፣ መሠረት ደፋር በ2007፣ ገንዘቤ ዲባባ በ2015፣ አልማዝ አያና በ2016። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ውድድሮቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።) ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ጥሩዬስ ቲቸር?» አለች። እኔም ምንም ሳላመነታ «እንዴ፣ እሷማ ሁለት ሦስቴ ወስዳለች» አልኩ። በልበ ሙሉነት! ማታ ቤት ገብቼ ልቆጥር ብል የለችም። ደግሜ አየሁ፣ የለችም። አንዴም አልተሰጣትም።

እውነቱን ለመናገር ያን ማታ ደህና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማክሰኞ ክፍል ገብቼ «ተሳስቻለሁ» አልኩ። ልጅቷ ግን በዚህ መች ትለቃለች። «ለምን አልሰጧትም ታዲያ?» ይሄ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው፣ እናንተም ፍረዱ።

በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲካሄድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ነሐሴ 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ወደ ማታ ገደማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ነበር ያየነው፣ መቀመጫ የለም፣ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። 10 ሺህ ሜትሩን ጥሩነሽ በ29 ደቂቃ ከ54.66 ሰከንድ ጨረሰችው፣ የኦሊምፒክ ሪከርድ ነበር። ሁለተኛ የገባችው አዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አቤይለገሰ ነበረች፣ ከዓመታት በኋላ በዶፒንግ ሜዳልያዋን ተነጠቀች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ 5 ሺህ። ያ ውድድር እንዴት ቀርፋፋ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ «ምን ሆነው ነው የሚንሸራሸሩት?» ይል ነበር። መጨረሻው ዙር ላይ ግን ጥሩዬ ማርሽ ቀየረችና በቃ፣ ተዘጋ። 15 ደቂቃ ከ41.40። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ተራ ውድድር ይመስለዋል። በአንድ ኦሊምፒክ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ግን በዚያ ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ኦስሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ ሮጣ የመሠረት ደፋርን የዓለም ሪከርድ ከ5 ሰከንድ በላይ አሻሽላው ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አንድ የዓለም ሪከርድ፣ ሁሉም በአንድ ክረምት። ሽልማቱ የሄደው ግን ለሩሲያዊቷ የምርኩዝ ዝላይ ንግሥት ለየሌና ኢሲንባየቫ ነው።

ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው፣ ስለዚህ የኢሲንባየቫንም ልናገር። ሴትዮዋ ቀላል ሰው አይደለችም። በዚያው በ2008 የራሷን ሪከርድ ሦስት ጊዜ ሰበረች። ሮም ላይ 5.03፣ ሞናኮ ላይ 5.04፣ ቤጂንግ ላይ ወርቁን ስትወስድ 5.05 ሜትር። ሦስት ሪከርድ ከአንድ ሪከርድ ይበልጣል የሚል ሰው ነጥብ አለው። ግን ልብ በሉ፣ ምርኩዝ ዝላይ ላይ አትሌቷ ራሷ ናት ቀጥሎ ስንት ሜትር ላይ አግዳሚው ይሰቀል የምትለው። በአንድ ሴንቲ፣ በአንድ ሴንቲ እየጨመሩ አንዱን ሪከርድ ሦስት ማድረግ ይቻላል። ሯጭ እንዲህ ማድረግ ይከብዳታል። ጥሩዬ ኦስሎ ላይ «ዛሬ አንድ ሰከንድ ብቻ ልስበር፣ አራቱን ለሌላ ጊዜ ላስቀምጥ» ልትል አትችልም፣ እግሯ ያላትን ሁሉ አውጥታ ነው የምትገባው።

ይሄን ሁሉ ስል አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ከዚያ በፊት በ2005ም ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ይባስ ያናድዳል።

በ2005 መጋቢት ፈረንሳይ ላይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ጥሩነሽ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈች። ነሐሴ ላይ ሄልሲንኪ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህንም 5 ሺህንም አሸነፈች። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት የዓለም ሻምፒዮንነት! ገና የ20 ዓመት ልጅ። በዚያው ዓመት ቀነኒሳ ሁለቱን አገር አቋራጭ አሸነፈ፣ ሄልሲንኪ ላይ 10 ሺህን አሸነፈ፣ ብራስልስ ላይ የ10 ሺህን ሪከርድ 26:17.53 አደረሰው፣ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ይገባዋል፣ አንድም ቃል የለኝም። ጥሩዬ ከእሱ በአንድ ወርቅ ትበልጣለች፣ በአንድ ሪከርድ ታንሳለች። የእሷ ዋንጫ ለኢሲንባየቫ ሄደ። ኢሲንባየቫ በዚያ ዓመት 5 ሜትርን ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለችና ይህም ትልቅ ታሪክ ነው፣ አልክድም።

የሒሳብ መምህር የሆነ ጓደኛዬ ስታፍ ውስጥ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ነገሩ ግልጽ ነው እኮ» አለኝ። «ወርቅ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይወስደዋል። ማንም ባይችል እንኳ ከማይችሉት የተሻለው ይወስደዋል። ሪከርድ ግን ከዚህ በፊት ማንም ያልቻለው ነው። ሽልማቱ ለሪከርድ ነው፣ በቃ።»

አሰብኩበት። መጀመሪያ ላይ ትክክል መሰለኝ። የኛዎቹን አሸናፊዎች እዩዋቸው፣ ሁሉም በየዓመታቸው የዓለም ሪከርድ ሰብረዋል። ገንዘቤ በ2015 ሞናኮ ላይ 1500ን በ3:50.07 ሮጣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዋን ሪከርድ ሰበረች። አልማዝ በ2016 ሪዮ ላይ 10 ሺህን በ29:17.45 ጨርሳ እንዲሁ ከ1993 የቆየውን ሌላ የቻይና ሪከርድ በ14 ሰከንድ ሰባበረችው። ያኔ አልማዝ አንድ ወርቅና አንድ ነሐስ ነበራት፣ ጃማይካዊቷ ኢሌን ቶምፕሰን ደግሞ በ100ና በ200 ሁለት ወርቅ። ያሸነፈችው አልማዝ ናት። ሪከርድ ከወርቅ በለጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ምክንያቱም በራስ ላይ የማይፈርድ ሰው ዳኛ አይሆንም። በ2004 አቴንስ ላይ ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ገሩዥ 1500ን እና 5 ሺህን አሸነፈ። ሁለቱን በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ከፓቮ ኑርሚ ከ1924 ወዲህ አልነበረም። 5 ሺህ ላይ የቀደመው ማንን ነው? የኛን ቀነኒሳን፣ በ0.2 ሰከንድ። የዓመቱ ምርጥ ግን ቀነኒሳ ተባለ፣ ምክንያቱም በዚያ ዓመት የ5 ሺህንም የ10 ሺህንም የዓለም ሪከርድ ሰብሯል። ያኔ እኛ ጨፈርን። ሞሮኮ ውስጥ ግን እንደኔ ያለ አንድ የስፖርት መምህር ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ይሆናል። ይሄን ሳልጽፍ ስለ ጥሩዬ ብቻ ባለቅስ ለእኔ ሲሆን ሕግ፣ ለሌላው ሲሆን ግፍ ይሆንብኛል።

እሺ፣ ሪከርድ ይበልጣል እንበል። ታዲያ ባለፈው እሁድ ምን ሆነ?

የኬንያዋ ቢያትሪስ ቼቤት በዚህ ዓመት ሐምሌ ወር ዩጂን ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ13 ደቂቃ ከ58.06 ሰከንድ ሮጠች። ከ14 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት። ሪከርዱን የነጠቀችው ከኛው ከጉዳፍ ጸጋይ ነው፣ ያመኛል ግን እውነት ነው። ከዚያ መስከረም ላይ ቶኪዮ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህንም 5 ሺህንም ወሰደች። ሁለት ወርቅ፣ አንድ ሪከርድ። ልክ እንደ ጥሩዬ 2008። ሲድኒ ደግሞ 400 ሜትርን በ47.78 ሮጣ አሸነፈች፣ በዱላ ቅብብልም ወርቅ አላት። ድንቅ ሩጫ ነው፣ ከ40 ዓመት በፊት ከተመዘገበው ሪከርድ በጣም ጥቂት ነው የቀራት። ግን ቀርቷታል! ሪከርዱ አልተሰበረም። ሦስት ወርቅ የወሰደች ሌላ አሜሪካዊትም ነበረች፣ ሜሊሳ ጄፈርሰን ውደን፣ በ100፣ በ200 እና በዱላ ቅብብል። በወርቅ ብዛት ብንሄድ ሜሊሳ፣ በሪከርድ ብንሄድ ቼቤት። ሲድኒ በየትኛው መለኪያ?

ለቼቤት ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ2024 የ10 ሺህን ሪከርድ ከለተሰንበት ግደይ ነጥቃ 28:54.14 አደረሰችው፣ ፓሪስ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፈች። ያን ዓመት የተሸለመችው አዳማ ተወልዳ በስደት ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን ናት። ሲፋን በሁለቱም የትራክ ውድድሮች ነሐስ ወስዳ በሁለተኛው ቀን ማራቶንን አሸነፈች፣ ትዕግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ። (ስለዚያ መገፋፋት ዛሬ አልጽፍም፣ ደሜ ይፈላል።) የሲፋንን ጀግንነት ማንም አይክድም። ግን ተመልከቱ፣ በሁለቱም ትራክ ላይ ቼቤት ናት የቀደመቻት።

ለሒሳቡ መምህር ይሄን ሁሉ ስነግረው ሻዩን ጠጣና «እሱን እንግዲህ ለሚመርጡት ንገራቸው» አለኝ።

ልክ ነው፣ እነሱ እንዴት ነው የሚመርጡት? ባለፉት ዓመታት ዕጩዎቹ የሚመዘኑት እንዲህ ነው፦ የዓለም አትሌቲክስ ምክር ቤት ድምፅ 50 በመቶ፣ ፌዴሬሽኖችና አትሌቶች ያሉበት «የአትሌቲክስ ቤተሰብ» የሚባለው 25 በመቶ፣ የቀረው 25 በመቶ የሕዝብ። የሕዝብ ማለት የኔና የናንተ ማለት ነው፣ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የአትሌቷ ፎቶ ሲለጠፍ ላይክ ማድረግ። በቃ፣ ይሄው ነው። ባሎንዶርን የሚመርጡት ጋዜጠኞች ናቸው፣ ለያማል ብንጮህ ብናለቅስ አንዲት ድምፅ የለንም። ድምፅ ባለን ላይ ግን ዕጩዎቹ ሲለጠፉ አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር፣ የስፖርት መምህር ተብዬ።

ግን ሁሉን በላይክ አላሳብብም። በ2005 እና በ2008 እንዲህ ያለ ላይክ አልነበረም። እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። ሄልሲንኪ ላይ 10 ሺህን ጥሩነሽ፣ ብርሃኔ አደሬና እጅጋየሁ ዲባባ ተከታትለው ገቡ። 5 ሺህ ላይ ደግሞ ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁ፣ መሰለች መልካሙ፣ ከአንድ እስከ አራት! እኛ ያን ስናይ አበድን። የሌላው ዓለም ሰው ግን ያን ሲያይ «እነዚህማ ልማዳቸው ነው» ነው የሚለው። አንዷ ሴት ያደረገችው ነገር የሁሉም ሀበሻ ጠባይ ይሆንና የእሷ መሆኑ ይጠፋል። በኬንያዎቹም ላይ እንደዚያው ነው። ኢሲንባየቫ ግን ብቻዋን ነበረች፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ስታዲየሙ ሁሉ ፀጥ ብሎ እሷን እያየ። ሰው ያየውን ነው የሚሸልመው። ደራርቱም እኮ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን የዓመቱ ምርጥ አልተባለችም።

«ሰው ያየውን ነው የሚሸልመው» ያልኩት ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የክፍል ለክፍል ውድድር መጨረሻ ላይ «የዓመቱ ኮከብ ስፖርተኛ» እንሸልም ነበር። አንዲት ልጅ 1500ንም 3000ንም አሸነፈች። ሁለቱም የተሮጡት በጠዋት ነው፣ ገና ጉም ሳይገፍ፣ ሰዓት የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ተመልካች ከተባለ ጥበቃው ጋሼና ሁለት ላሞች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ የእግር ኳስ ፍጻሜ ሆነና አንድ ልጅ ሦስት ጎል አገባ። ሜዳው ሞልቷል፣ ልጁን ተሸክመው ዞሩ። ሦስት መምህራን ዛፍ ሥር ቆመን በአምስት ደቂቃ ወሰንን። ለልጁ። ማንም «ልጅቷስ?» አላለም፣ ሰዓቷን በእጄ የያዝኩት እኔ እንኳ።

በማግስቱ መጣችና «ቲቸር፣ በምን ተመዝኖ ነው?» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ በጨዋነት ነው የጠየቀችው። እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «ኮሚቴው ነው የወሰነው» አልኳት። ኮሚቴው እኔ ነኝ። ልጅቷ «እሺ ቲቸር» ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ዓመት ሩጫ አልተመዘገበችም። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፣ አይደለም ብዬም መማል አልችልም። ይሄን የምታነቢ ከሆነ፣ ያኔ በምንም አልተመዘነም ነበር። ይቅርታ።

ስለዚህ ጥሩዬ በ2005 እና በ2008 ይገባት ነበር ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ በ2008 አዎ፣ ያለምንም ጥርጥር። በ2005 ደግሞ ከኢሲንባየቫ ጋር አንገት ለአንገት ናቸው፣ እኔ ግን ለአራቱ ወርቅ እሰጣለሁ። ቼቤትም ዘንድሮ ይገባት ነበር፣ ኬንያዊት ብትሆንም፣ ሁለቱን ሪከርድ ከልጆቻችን ላይ ብትወስድም። ከእኔ የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ፣ ግን መጀመሪያ መለኪያችሁን ጻፉና ከዚያ ስሙን ጥሩ። ስሙን መርጦ መለኪያ መፈለግማ ማንም ይችላል፣ እኔም ለቀነኒሳ አድርጌዋለሁ።

የኛ ውድድር ጥር ላይ ነው። ዘንድሮ ከመጀመሩ በፊት መለኪያውን ጽፈን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው። ሁለት ውድድር ያሸነፈ ከአንድ ይበልጣል። የትምህርት ቤቱን ሪከርድ የሰበረ ተጨማሪ ነጥብ አለው (ሪከርዶቹን ከድሮ መዝገብ ፈልገን ማውጣት ነበረብን፣ ግማሹ የለም፣ ከዘንድሮ እንጀምራለን)። ጎል ይቆጠራል፣ ለጎል ያቀበለም ይቆጠራል። የሴቶቹ ሩጫ ከሰዓት በኋላ ከእግር ኳሱ ፍጻሜ ፊት ይሮጣል፣ ሰው ሁሉ ባለበት።

ትናንት ሳልፍ አንዱ ከወረቀቱ ግርጌ በእስክሪብቶ «በረኛስ?» ብሎ ጽፎበት አገኘሁ። ቆሜ አሰብኩ፣ መልስ አጣሁ። በረኛን በምን እንደሚመዝኑት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እስከ ጥር ጊዜ አለን።